የቀኝ ፍሬቻ

በዚያ አውራ ጎዳና ላይ ሲሚንቶ የሚያመላልስ አንድ ሾፌር ነበር፤ ሰው ሁሉ «ይለፉ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን በመናኸሪያውም፣ በነዳጅ ማደያውም፣ ጎማ ጠጋኞቹም ዘንድ ያንን ስም የሚያውቅ የለም። «ይለፉ» የተባለው መንገድ ስለሚለቅ ነው። መንገድ መልቀቅ ቅጽል ስም የሚያሰጥ ነገር ከሆነ፣ ሌላው ምን ያህል እንደማይለቅ ከዚሁ ይታወቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ጭኖ ዳገት ሲወጣ ከእግረኛ ብዙም አይሻልም። ከኋላው የተያዘው ትንሽ መኪና ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ማየት አይችልም፤ የሚታየው የተሳቢው ጀርባ ብቻ ነው። ስለዚህ ደህና ሾፌር ከፍ ካለው ወንበሩ ላይ ሆኖ መንገዱን ያይለታል። መንገዱ ነጻ ከሆነ ቀኝ ፍሬቻውን ያበራለታል፤ «እለፍ፣ ማንም የለም» ማለት ነው። ካልሆነ ግራውን ያበራል፤ «ቆይ፣ ሰው አለ» ማለት ነው። ይህን መንጃ ፈቃድ ማውጫ ቦታ ማንም አያስተምርም፤ ሾፌር ከሾፌር ሲቀባበለው የኖረ ነገር ነው። ያለፈው ሰው አንዴ ክላክሱን ጢጥ ያደርጋል፤ ምስጋና ነው። በቃ። ስም ሳይጠያየቁ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ አንዱ ዓይኑን ለሌላው ያውሰዋል።

ታዲያ ፍሬቻው ለቅርቡ ሰው ነው። የሚበራው ከተሳቢው ኋላ ላለው ብቻ ነው፤ እሱ ሲያልፍ ይጠፋና ለሚቀጥለው እንደገና ይበራል። ተራ ማለት ነው። ዳቦ ለመግዛት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያሻውም። ግን እዚያ ዳቦ ቤት «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲል የነበረው ሰው መሪ ሲጨብጥ ምን እንደሚለክፈው እንጃ። እቤቱ በግ የሆነው ሁሉ መኪናው ውስጥ ሲገባ ነብር ይሆናል። ይለፉ ግን እቤቱም መኪናው ውስጥም ያው ነበር። ለባለጌውም ያሳልፋል፣ ለጨዋውም ያሳልፋል፤ ልዩነቱ ለጨዋው ሲያሳልፍ ፈገግ ማለቱ ነው።

ይለፉ አንድ ወንድ ልጅ አለው። ልጁ መሪ የነካው እዚያው የሲሚንቶ መኪና ላይ፣ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው። ፍሬቻ ማብራት የሱ ሥራ ነበር። አባትየው «አየህ፣ ማንም የለም፤ በል ቀኙን» ይለዋል፤ ልጁ በሁለት እጁ ማንሻውን ይገፋል። ያለፈው መኪና ጢጥ ሲል «አባባ፣ አመሰገነኝ እኮ» እያለ ይፈነድቅ ነበር። እቤት ሲደርስ ለእናቱ መጀመሪያ የሚያወራው ስንት ሰው እንዳመሰገነው ነው።

አድጎ የራሱን መሪ ሲይዝ ግን የያዘው የሚኒባስ መሪ ነው። ሚኒባስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ቶሎ የደረሰ ቶሎ ይጭናል፣ የዘገየ ሌላው የጠረገውን መንገድ ይዞ ባዶ ወንበር ይቆጥራል። የመናኸሪያ ጓደኞቹ «በራሪው» አሉት፤ እሱም ስሙን ወደደው። ስሙን የወደደ ሰው ደግሞ ስሙን ለመምሰል ይደክማል።

«ቀስ ብትል ምን ይጎድልብሃል?» ይለው ነበር አባቱ ራት ላይ።

«አባባ፣ አንተ የምትጭነው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ‹ይሄ ሰውዬ ምን ይጎተታል› አይልህም።»

«ሲሚንቶ ከፈሰሰ በአካፋ ይታፈሳል። ያንተስ?»

«ጀመረ ደግሞ» ትላለች እናትየው እየሳቀች፤ ልጁም «እሺ አባባ፣ እሺ» ይላል። እሺ የምትባል ቃል ባትኖር ልጆች ለወላጆቻቸው ምን ብለው ከማዕድ ይነሱ እንደነበር አይታወቅም።

ያም ሆኖ በሁለቱ መካከል ከልጅነት የተረፈች አንዲት ነገር ነበረች። ልጁ መንገድ ላይ የአባቱን ተሳቢ ከሩቅ ሲያይ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ያደርጋል። እንደሌላው አንዴ አይደለም፤ ሁለቴ የነሱ ብቻ ናት። አባትየው በጎን መስታወቱ፣ በስፖኪዮው ያየዋል፤ መንገዱን ይመለከትለታል፤ ቀኙን ያበራለታል። ልጁ ሲያልፍ እጁን በመስኮት ያወጣል፣ አባትየውም እጁን ያነሳል። ተጨቃጭቀው፣ ተኳርፈው፣ ሳይሰነባበቱ የወጡ ቀን እንኳ ያቺ ጢጥ ጢጥ አትቀርም። ሽማግሌ ሳይገባበት የሚታረቁት በሷ ነበር።

ያን ቀንም ተኳርፈው ነው የወጡት። ልጁ ጠዋት ሻዩን ግማሽ ጥሎ በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ምክንያቱ ያው ፍጥነት ነው። ይለፉ ጭነቱን ይዞ ዳገቱ ጋ ሲደርስ ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ አስፋልቱ ያብረቀርቃል፣ ዳርና ዳሩ ጭቃ ነው። ከኋላው አንዲት አሮጌ፣ ግን በደንብ የታጠበች ሰማያዊ የቤት መኪና አለች። ኩርባው ላይ ሲዞር በስፖኪዮው ልብ ብሎ አያት። የምትነዳው ሴት ናት፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋለች። ከጎኗ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ተሳቢው ላይ አልተለጠፈችም፣ ክላክስ አልነፋችም፣ መብራት አላብለጨለጨችም፤ ርቀቷን ጠብቃ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለሽማግሌው አንድ ነገር ታወራላቸዋለች። ይለፉ ወደዳት። እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ አሳልፎ ወደሚሄድበት ማድረስ ደስ ይለው ነበር።

ኩርባው አለቀና መንገዱ ቀጥ አለ። ከፊት ማንም የለም። ቀኙን አበራላት።

ያኔ ነው የሰማው። ጢጥ ጢጥ።

በስፖኪዮው አሻግሮ አየ፤ ከሰማያዊዋ ኋላ ሁለት መኪኖች፣ ከነሱ ኋላ የልጁ ነጭ ሚኒባስ። የይለፉ ሆድ ባባ። የጠዋቱን የበር ድምፅ ረስቶታል ማለት ነው፣ ታርቆኛል ማለት ነው፣ አለ በልቡ። ፍሬቻው ግን የሴትየዋ ነበር፤ የልጁ ተራ ገና ነው። እንደ ልማዱ ቢሆን በዚያች ቅጽበት ቀኙን አጥፍቶ ግራውን ማብራት ነበረበት፤ «ቆይ፣ ሰው እየወጣ ነው» ለማለት። እጁም ወደ ማንሻው ሄዶ ነበር። ግን ሰላም ሲለው እንዴት «ቆይ» ይበለው? ፊት መንሳት መሰለው። ‹ያያታል፤ ዓይን አለው› ብሎ እጁን መለሰ።

ሰማያዊዋ መኪና ቀስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ግራ አወጣች። ሚኒባሱ ሁለቱን መኪኖች ባንዴ አልፎ፣ አንድ ረጅም ክላክስ እየነፋ፣ እሷ ልትገባበት ባለችው መንገድ ላይ ደረሰ። ሴትየዋ ደንግጣ መሪውን ወደ ቀኝ መለሰችው። ሚኒባሱ አልነካትም። የተሳቢውን ጎን ታክኮ አለፈና ይለፉ መስኮት ጋ ሲደርስ ልጁ እጁን አወጣ፤ እየሳቀ ነበር። ይለፉም እጁን አነሳ።

እጁ ገና ሳይወርድ ዓይኑ ወደ ቀኙ ስፖኪዮ ሄደ። ሰማያዊዋ መኪና ጎማዋ ጭቃው ላይ ወጥቶ ስትንሸራተት፣ ከዚያ ወደ ገደሉ ስታዘነብል አየ። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ውስጥ መንገዱ ብቻ ቀረ።

ሰዎች ወረዱ፤ ይለፉም መኪናውን አቁሞ እየተንሸራተተ ወረደ። ሴትየዋ መሪው ላይ ተደፍታለች፤ ሕይወቷ አልፏል። ሽማግሌው ግንባራቸው ደምቶ፣ መነጽራቸው ጠፍቶ፣ በእጃቸው ይዳስሷታል። «ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ?» ይላሉ። ዓይናቸው እንደማያይ ለይለፉ የገባው ያን ጊዜ ነው። እጃቸውን ከልጃቸው ላይ ያላቀቀው እሱ ነው፤ ከዚያም አዝሏቸው ወጣ።

የትራፊክ ፖሊሱ ትሁት ወጣት ነበር።

«ጋሼ፣ ሚኒባሱን አይተውታል?»

«ነጭ ነው።»

«ነጭማ ሁሉም ነጭ ነው። ሰሌዳውን?»

«አላየሁም።»

የሁለቱ መኪኖች ሾፌሮችም ዓይናቸው ገደሉ ላይ ስለነበር ሰሌዳ አልያዙም። ዕድሜ ልኩን ዓይኑን ለሰው ሲያውስ የኖረው ሰው «አላየሁም» ሲል፣ ጨዋነቱን የሚያውቁት ሁሉ አመኑት። ማመናቸው ነው ይበልጥ ያሳመመው።

እቤት ሲደርስ ልጁ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን እያየ ነበር። ይለፉ ልብሱ ላይ ጭቃና ደም እንዳለ ፊቱ ቆመ።

«ዛሬ ዳገቱ ላይ የቀደምካት ሰማያዊ መኪና ገደል ገባች።»

ልጁ ቀና አለ። «አልነካኋትም እኮ።»

«አልነካሃትም። ሞታለች።»

ልጁ ተነስቶ ሊቆም ፈልጎ መልሶ ቁጭ አለ። እንደ ልጅነቱ በቀጠነ ድምፅ፣ «ቀኙን አብርተህ ነበር አባባ» አለ። «ጢጥ ጢጥ ስልህ አላጠፋኸውም። ለእኔ መስሎኝ ነው።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው የሚል ይኖራል። ይለፉም እንዲያ ቢል ይቀለው ነበር። ግን ልጁ ሰበብ እየፈለገ አልነበረም፤ ያመነበትን ነው የተናገረው፤ ይለፉም እጁ ከማንሻው ላይ እንዴት እንደተመለሰ ያውቃል።

«ሄደህ ራስህ ተናገር» አለው በመጨረሻ። «እኔ ከምናገር አንተ ብትናገር ነው የሚያምረው።»

«እሺ» አለ ልጁ።

እናትየው ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ የባሏን ክንድ ያዘች። «ማንም አላየም አይደል? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተው። ያለን አንድ ልጅ ነው።»

«የሞተችው ልጅ አባትስ ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠይቀሻል?»

እጇን ከክንዱ ላይ አነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ራት የሚበላው በዝምታ ነው።

ልጁ አልሄደም። «እሺ፣ ነገ» አለ፤ ነገም «እሺ» አለ። ሚኒባሱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ እቤት ዋለ፤ ምግብ አልበላ አለው፤ ከሰውነት ጎዳና ወጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን አባቱ ምንኛ ባረፈ። የሚጣደፈው ሁሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰው የሚገድሉት ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ፣ እናታቸውን የሚወዱ፣ ለጎረቤት ውሃ የሚቀዱ ልጆች ናቸው። መንገድ ላይ ብቻ አንድ ሌላ ሰው መኖሩን ይረሳሉ።

ይለፉ አልቻለም። አንድ ቀን ከሰዓት ጭነቱን አራግፎ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ፣ የሽማግሌውን ቤት አፈላልጎ ሄደ። ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው ሳይደክም የማተሚያ ቤት አራሚ ስለነበሩ ግድግዳው በመጽሐፍ ተሞልቷል። ከበሩ ኋላ የልጃቸው ነጭ ጋዋን አሁንም ተንጠልጥሏል፤ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። አንዲት ጎረቤት ሻይ ቀድታ «የሲሚንቶው ሾፌር ናቸው፣ ያወጡዎት» ስትል ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አይነሱ አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ለአንተ አልነሳ ለማን ልነሳ?» አሉና የይለፉን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ዓይኔን ልታሳክመኝ ነበር የምንሄደው። መንገድ ስንሄድ የምታየውን ሁሉ እያወራችልኝ ነው፤ ልማዷ ነው። ‹አባዬ፣ ከፊታችን ያለው ሰውዬ ደግ ነው፤ መብራት አበራልን። ስናልፈው ክላክስ አድርጌ አመሰግነዋለሁ› አለችኝ። ክላክሷን ሳልሰማ ቀረሁ። በሷ ፈንታ እኔ ላመስግንህ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ይለፉ እጁን መንቀል አቃተው። የያዙት እጅ የትኛው እንደሆነ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ሕክምናውስ አባቴ?» አለ።

«ተውኩት። ማንን ላይበት?» ሽማግሌው ተቀመጡ። «አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። መብራቱ እስከበራበት ድረስ አውቃለሁ፤ እሷ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረኝ የለም። ፖሊሱ ‹አንድ ሚኒባስ ነው› ይላል፤ እኔ ግን አላየሁትም። አንተ ከላይ ሆነህ አይተሃል። እንደሷ አድርገህ ንገረኝ።»

ከነገሩ ጦም እደሩ የሚሉት ሰዎች እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ይለፉ ሻዩን አስቀመጠና ነገራቸው። አስፋልቱ እንደሚያብረቀርቅ፣ ልጃቸው ርቀቷን ጠብቃ እንዴት በትዕግሥት ትነዳ እንደነበር፣ ቀኙን እንዴት እንዳበራላት ነገራቸው።

«ሚኒባሱ የልጄ ነው፣ አባቴ። ከኋላ በክላክስ ጠራኝ፤ የኛ ሰላምታ ነው። ያን ጊዜ መብራቱን አጥፍቼ ‹ቆይ› ልለው ይገባኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ተውኩት። እሱ ለእሱ የበራ መሰለው። ሲያልፈኝ እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁለት።»

የሽማግሌው እጅ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆውን ፈልጎ አገኘው፤ ግን አላነሱትም።

«እጅህን ስታነሳለት እሷ የት ነበረች?»

«እየወደቀች ነበር።»

አልጮኹም፣ አልረገሙትም። ረግመውት ቢሆን በተሻለው ነበር። «መንገርህ ደህና አድርገሃል» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አሁን ግን ሂድልኝ።»

ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እዚያም ሁለቱንም ተናገረ፤ የልጁንም የራሱንም። የልጁን ጻፉት። የሱን ግን የሚጽፉበት ቦታ አጡ፤ ፍሬቻ አላጠፋህም ተብሎ የሚያስከስስ ሕግ የለም አሉት። ሊወስዱት ሲመጡ ልጁ አልተንገራገረም። እናትየው ግን ጮኸች፤ ጩኸቷ ደግሞ ለፖሊሶቹ አልነበረም። ፍርድ ቤትም ዳኛው «ማን ጠቆመ?» ሳይሉ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ይለፉን ነበር።

ልጁ ታሰረ። ይለፉ ንጹህ ልብስና ዳቦ ይዞ በሄደ ቁጥር «አልወጣም ብሏል» እያሉ ጠባቂዎቹ መለሱት። ያመጣውን ተቀብለው እሱን ይመልሱታል፤ እሱም ሌላ ጊዜ ይመጣል። አንድ ቀን ግን ልጁ ወጣ። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ከሽቦው ወዲያ ቆመ። ሰላም አላለም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «መብራቱ ለማን ነበር?»

ይለፉ ይህን ጥያቄ መንገድ ላይም አልጋው ላይም ሲመልሰው ነው የከረመው። አንዱን መልስ ቢሰጥ የልጁን ሸክም ያቀላል፣ ሌላውን ቢሰጥ የራሱን ያቀላል።

«ሳበራው ለሷ ነበር። ስትጠራኝ ግን ለአንተም ብዬ ተውኩት።»

ልጁ ግንባሩን ሽቦው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ይለፉ በሽቦው ቀዳዳ ጣቱን አሾልኮ ሊነካው ሞከረ፤ አልደረሰም። ጊዜው አለቀ ተባለ።

ይለፉ ዛሬም ሲሚንቶ ያመላልሳል። ፍሬቻ ግን ለማንም አያበራም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ከአስፋልቱ ወጥቶ ይቆማል። ጭነቱን ይዞ ዳገት ላይ መቆምና እንደገና መነሳት ለመኪናውም ለሾፌሩም ፍዳ ነው፤ ወጣት ሾፌሮቹ ‹ይቁሙ› እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱን ይከፍታል። ከኋላው የተጠራቀሙት መኪኖች፣ የቸኮለውም ያልቸኮለውም፣ ፊታቸው ያለውን መንገድ በራሳቸው ዓይን እያዩ ያልፋሉ። የሚያመሰግንም አለ፤ ሲያልፍ ጢጥ ያደርጋል፣ አንዴ ብቻ።

ይለፉ ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማቸዋል። የመጨረሻው መኪና አልፎ መንገዱ ጭር ሲል እንኳ ወዲያው አይነሳም፤ እጁን መስኮቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ይቆያል።